ያላደረ ውሃ

ንጽሕና የሚወድ ሰው ያስፈራኛል። ቆሻሻ የሚጠላውን ማለቴ አይደለም፤ ቆሻሻማ እኔም እጠላለሁ። የምለው እንግዳ ሊመጣ ነው ሲባል ብቻ ቤት የሚታየውን ሰው ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ዞር ብሎ ያላየውን መስኮት በአረፋ ዋዜማ ቆሞ የሚወለውለውን፣ በሰው ጠረጴዛ ላይ ጣቱን አሳርፎ መልሶ ጣቱን የሚያየውን። ከእንዲህ ዓይነቱ ሰው ጋር አንድ ማህፀን ውስጥ ማደሬን ሳስበው ዛሬም ደሜ ይፈላል።

ሰውየው ታላቅ ወንድሜ ነው። እሱ አዲስ አበባ ይነግዳል፤ እኔ ቡታጅራ አባታችን ቤት ነኝ። ማን ይሂድ ማን ይቅር ብሎ ተቀምጦ የተነጋገረ የለም። እናታችን ስትሞት እኔ ከባሌ ተለያይቼ ቤት ውስጥ ተገኘሁ፤ የተገኘ ሰው ደግሞ ሥራ አያጣም። ወደ መንገድ በምትወጣው ክፍላችን ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ ደብተርና እስክሪብቶ እሸጣለሁ። ከግድግዳው ማዶ አባቴ ይተኛል።

አባቴ የበርበሬ ነጋዴ ነበር። የመስቃን ገበሬ በርበሬውን በጋሪ ጭኖ ሲመጣ አንድ ዛላ ሰብሮ፣ አሽትቶ፣ ከየት ሰፈር እንደመጣና ፀሐይ በደንብ አይቶ እንደሆነ የሚናገር ሰው ነበር። ሲናገር ደግሞ ገበያው ሁሉ ይሰማዋል። አንድ ጠዋት ለሱብሒ ሰላት ሊነሳ ሲል ደም ግፊቱ ጣለው። ቀኝ ጎኑ ሰነፈ፤ ምላሱም አብሮ ታሰረ። ሐኪሙ ንግግሩ ቀስ በቀስ ሊመለስ እንደሚችል ነግሮን፣ የሚያየውና የሚያናግረው ነገር እንዳያጣ አሳሰበን። ይህንኑ ለወንድሜ በስልክ ነገርኩት። አባታችን የሚያየውና የሚያናግረው ነገር ያስፈልገዋል አልኩት። ከዚህ በላይ እንዴት ይነገራል? በሳምንቱ የዓሣ ገንዳ ላከልን።

መስታወቱ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ ዓሣዎቹ በላስቲክ ከረጢት ውስጥ እየዋኙ፣ አየር የሚነፋው ሞተር በካርቶን ታሽጎ በአይሱዙ መጣ። ሾፌሩ ሲያወርደው በሩ ላይ እሳት ጎርሼ ቆሜ ነበር። መንገዱ እንደሆነ አስፋልት ነው፤ ጠዋት ተነስቶ ለምሳ የሚደርስ ሰው በራሱ ፈንታ ዓሣ ይልካል? ሾፌሩን ምን አደረገኝ ብዬ ልጩህበት? ጠረጴዛ ከአባቴ አልጋ ትይዩ አስጠጋሁና ገንዳውን እዚያ ላይ ተከልኩት።

ከዚያ ያልጠበቅሁት ነገር ሆነ። በማግስቱ ጠዋት ፎቶ ኮፒ እያነሳሁ ከግድግዳው ማዶ የአባቴን ድምፅ ሰማሁ። "አሰላሙ አለይኩም" አለ፤ ሙሉውን፣ ምንም ሳይጎድል። ሮጬ ስገባ ፊቱን ወደ ገንዳው አዙሯል። ሰላምታው ለዓሣዎቹ ነበር። ሰላምታ ሳይመለስ አይቀርምና በዓሣዎቹ ስም "ወአለይኩም አሰላም" ብዬ መለስኩለት። በግራ በኩል ባለው ከንፈሩ ፈገግ አለ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሥርዓታችን ይህ ሆነ፤ እሱ ሰላም ይላል፣ እኔ እመልሳለሁ። ሌላ ቃል አልነበረውም። ሐኪሙ፣ ሰው ከልጅነቱ ሲደጋግመው የኖረው ቃል ቀድሞ ሊመጣ ይችላል፣ የገዛ ሐሳቡን የሚናገርበት ቃል ግን ይዘገያል፣ ታገሱት አለኝ። ትዕግሥት የእኔ ጸባይ ባይሆንም ታገስኩ።

ነገሩን ያበላሸው ውሃችን ነው። የከተማችን ውሃ ጨው አለው። ሳሙና አረፋ ለማውጣት ይለግምበታል፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ድንጋይ ይጋግራል። ገንዳው ውስጥም ውሃው በተነነ ቁጥር መስታወቱ ላይ ነጭ መስመር ይተዋል። እኔ ስጨምር፣ እሱ ሲተን፣ መስመሩ እየሰፋ ሄዶ መስታወቱ ኖራ የተቀባ ግድግዳ መሰለ። ዓሣዎቹ ከጀርባው ጥላቸው ብቻ ይታይ ነበር። አባቴ ጥቂት ቀን አፍጥጦ አየ፤ ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ሰላምታውም ቀረ። ሰላም የሚል ሰው ማንን ሰላም እንደሚል ማየት አለበት፤ ማን እንዳለ ለማያውቀው ቤት እስከ መቼ ሰላም ይላል?

የአረፋ በዓል እየቀረበ ነበር። በአረፋ ልጅና የልጅ ልጅ ከያለበት ተሰብስቦ የአባት ዱዓ ይቀበላል። ባለፈው ዓመት አባቴ አፉ ተይዞ አጠገባችን ተቀምጦ፣ ዱዓውን ያደረገልን አጎቴ ነበር። አባቴ እጁን ለመዘርጋት ሞክሮ አንዱ እጅ ብቻ ሲነሳለት አይቻለሁ። ዱዓም እንደ ሰላምታው ከልጅነቱ የኖረበት ቃል ነው፤ ሰላምታው ካልጠፋበት ዘንድሮ ዱዓው ይወጣው ይሆናል ብዬ ነበር። ለሰው አልተናገርኩትም እንጂ ተስፋዬ ያ ብቻ ነበር። ይኸው አረፋ ሳምንታት ሲቀሩት ተስፋዬን ኖራ ሸፈነብኝ።

መካሪ አልጠፋም። ጎረቤታችን፣ በዕድሜ እናቴ የምትሆን ሴት፣ በረኪና አፍስሽበት አለችኝ፤ ለእሷ ከሽንት ቤት እስከ ነጠላ በረኪና የማይፈታው ነገር የለም። አንዱ የሱቅ ደንበኛዬ በድስት ሽቦ ፈግፍጊው አለኝ። ሌላው ፈሳሽ ሳሙና አዘዘልኝ። ሁሉም ስለ መስታወቱ ያወራል፤ ውስጡ ነፍስ እንዳለ የሚያስብ የለም። ጎረቤቴ ላይ ጮህኩባት። በረኪና ለዓሣ መርዝ ነው፣ ሳሙናም እንደዚያው፣ ዓሣ እንደ ድስት አይታጠብም አልኳት። እሷ ግን ሳትቀየም "ተይ አንቺ ልጅ፣ ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል" ብላ ሳቀችብኝና ሄደች።

ዓሣዎቹን ለወንድሜ የሸጠውን ልጅ ስልኩን ፈልጌ ደወልኩለት። "እናት፣ ዘና በይ" እያለ የሚያወራ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። አቼቶና ውሃ እኩል ቀላቅዪ አለኝ፤ ጨርቅ ነክረሽ ነጩ ላይ ለጥፊና ተዪው፤ ሲለሰልስ በፕላስቲክ ካርድ ፋቂው። አቼቶው ግን የዓሣዎቹ ውሃ ውስጥ ጠብ እንዳይል። ዓሣዎቹን ከራሳቸው ውሃ ጋር ሳፋ ውስጥ አውጪ፣ ገንዳው ውስጥ የቀረውን ውሃ ቀንሺ፣ ፍቀሽ ስትጨርሺ በንጹሕ ውሃ በተነከረ ጨርቅ ደጋግመሽ አብሺ፣ ከዚያ ያንኑ የድሮውን ውሃ መልሺላቸው።

"ዋናው ግን ውሃው ነው፣ እናት" አለኝ መጨረሻ ላይ። "ሁሉንም በአንዴ እንዳትቀይሪው። የምትጨምሪውን ደግሞ አሳድሪው። ያላደረ ውሃ ዓሣ ይገድላል።"

የቧንቧ ውሃ መድኃኒት ይጨመርበታል፤ አፉ ክፍት በሆነ ባልዲ ሲያድር መድኃኒቱ ይወጣለታል፣ የቤቱንም ሙቀት ይለምዳል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአባቴ ክፍል ጥግ ሰማያዊ ባልዲ አኖርኩ። ሁልጊዜ ያደረ ውሃ አይጠፋበትም።

መጀመሪያ የያዝኩት በአባቴ በኩል ያለውን የመስታወቱን ፊት ብቻ ነው። ዓሣዎቹን አድካሚ በሆነ ሩጫ በጣሳ እየጨለፍኩ ሳፋ ውስጥ አወጣኋቸው። አቼቶ የነካው ነጭ እንደ መተንፈስ ያለ ድምፅ አውጥቶ ትንንሽ አረፋ ይሠራል፤ ላዩ ቶሎ ይለቃል፣ ሥሩ ግን ግትር ነው። በቢላ ልገላግለው አስቤ መስታወቱ ይቧጠጣል ብዬ ተውኩት። ጨርቁን እንደገና ለጥፌ ቁጭ ብዬ እየተሳደብኩ መጠበቅ ነበር ሥራዬ። ያለፈበት የባንክ ካርዴ ጠርዙ እስኪላጥ ፋቅሁበት። አባቴ ፊቱን ከግድግዳው መልሶ ስሳደብ ያየኝ ነበር። ፍቄ፣ አብሼ፣ ውሃቸውን መልሼ፣ የጎደለውን ካደረው ውሃ ሞላሁና ዓሣዎቹን መለስኳቸው። ቀይዋ ትልቋ ዓሣ አዲሱን መስኮት አፏን አስጠግታ መረመረችው።

በማግስቱ ጠዋት ከግድግዳው ማዶ "አሰላሙ አለይኩም" አለ። የሰው መታወቂያ ማሽኑ ላይ ትቼ ሮጥኩ። ልመልስለት ብዬ አፌን ስከፍት ለቅሶ ቀደመኝ። አባቴ መልሱን እየጠበቀ ወደ እኔና ወደ ዓሣዎቹ ተራ በተራ አየ። "ወአለይኩም አሰላም" ብዬ ጮኼ መለስኩ፤ ደንበኛዬ በሱቁ በኩል ሆኖ ሳይጠሩት አብሮ መለሰ።

የቀሩትን ሦስት ጎኖች አንድ አንድ እያልኩ ላጸዳ አስቤ ነበር፤ ዓሣዎቹ በየቀኑ ሲወጡና ሲገቡ መደናገጥ የለባቸውም። አረፋ ግን ደረሰ፣ ከአረፋ ጋርም ወንድሜ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ደረሰ። ሆቴል ነው የሚያርፉት። አባቱ ቤት ካደረ ስንት ዓመቱ እንደሆነ ራሱም አያስታውስም፤ ሙቅ ውሃ የለም፣ ልጆቹ አይለምዱም ይላል። መኪናው ውስጥ የታሸገ ውሃ በካርቶን በካርቶን ተደርድሯል። የእኛን ውሃ አይጠጡም። ልጆቹ በቧንቧችን ውሃ ጥርሳቸውን እንኳ እንዳይቦርሹ ታዘዋል። እሱን ያሳደገው ውሃ ነው፤ ተጎንብሶ አፉን ከቧንቧው ገጥሞ ሲጠጣ አባቴ ሲቆጣው እኔ ራሴ አይቻለሁ።

አባቴን ግንባሩን ሳመ፣ ከዚያ ገንዳውን ዞሮ አየው። ነጩ ጎን ላይ ጣቱን አሳርፎ ጣቱን አየ። ነገ ስንት እንግዳ እንደሚገባ እያወቅሁ ይህን እንዴት እንደተውኩት ጠየቀኝ። አስረዳሁት። በአቼቶ እንደሆነ፣ ለምን አንድ ጎን ብቻ እንደጸዳ፣ ሳሙና እንደማይነካው ነገርኩት። ከአረፋ በኋላ እጨርሰዋለሁ፣ አንተ ግን እንዳትነካው አልኩት። "እሺ እህቴ" አለኝ። የእሱን እሺ አውቀዋለሁ፤ ነጋዴ ለተከራካሪ ደንበኛ የሚለው እሺ ነው። አውቄው ነው ቅቤና ቆጮ ልገዛ ገበያ የወጣሁት፤ ለእሱ ክትፎ።

ስመለስ ግቢው ውስጥ የመኪናውን ጎማ እያጠበ ነበር። በሰማያዊው ባልዲ። ያደረውን ውሃ፣ አቧራ ያረፈበት ስለመሰለው፣ ጎማ ላይ ደፍቶታል። ዘንቢሌን መሬት ላይ ጣልኩና ወደ ውስጥ ገባሁ።

ገንዳው ያበራል። አራቱም ጎን ጠርቷል፤ ከማዶ ያለው የግድግዳው ስንጥቅ ሳይቀር በውስጡ ይታያል። ሥራውን አሳምሮ ነው የሠራው፤ ይህን መካድ አልችልም። በአቼቶዬ፣ በጨርቄ፣ እንደነገርኩት ነው ያጸዳው። ከጠረጴዛው ሥር ግን የተጨመቁ ባዶ የታሸገ ውሃ ፕላስቲኮች ተከምረዋል። ዓሣዎቹ ላይ ላይ ሆነው አፋቸውን ይከፍታሉ፤ ቀይዋ ዓሣ በጎኗ ጋደል ብላ ነበር። ወንድሜ እጁን እያደረቀ ተከትሎኝ ገባ፣ ፊቱ በርቷል።

"ለአባቴ ዓሣዎች ምርጡን ውሃ ነው የሞላሁላቸው" አለኝ። "ያንን ጨው ሲጠጡ ከሚኖሩ።"

የተናገርኩትን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም። ዓሣዎቹ የቆዩበት ሳፋ ከነድሮ ውሃው ገና አልተደፋም ነበርና እየጨለፍኩ ወደዚያ መለስኳቸው፤ በእጄ ውስጥ ሲንቀጠቀጡ ይሰማኝ ነበር። ወንድሜ ከኋላዬ ቆሞ ንጹሕ ውሃ እንዴት ይገድላል እያለ ይጠይቀኛል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እሱ አፈሰሰ፣ የለቀምኩት እኔ ነኝ። ከሰዓት በኋላ አንድ በአንድ ተገለበጡ። ሻጩ ልጅ በኋላ እንደነገረኝ፣ ጨዋማ ውሃ የለመደን ዓሣ በአንዴ ጨው የሌለበትና ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ከከተቱት ሰውነቱ አይችለውም። የገደላቸው ቆሻሻ አይደለም፤ የማያውቁት ውሃ ነው። ሲመሽ በሳፋው ውስጥ የቀረችው አመድማ ቀለም ያላት፣ ወንድሜ ከመጣ ጀምሮ አስቀያሚ የሚላት አንዲት ዓሣ ብቻ ነበረች። ሳፋዋን ከሁሉም ዓይን ሸሽጌ ኩሽና አስገባኋት። ወንድሜ የእነዚህን አሥር እጥፍ እገዛለሁ ብሎኝ ወደ ሆቴሉ ሄደ።

የአረፋ ጠዋት ከሰላት መልስ ዘመድ ቤቱን ሞላው። አባቴን አጥቤ፣ ነጭ ጀለቢያውን አልብሼ፣ በትራስ ደግፌ አስቀመጥኩት። ዓሣ የሌለበት ገንዳ እንደተቀመጠ ነው፤ ሞተሩ በታሸገው ውሃ ውስጥ አየሩን ይነፋል። ወንድሜ ከገንዳው ማዶ፣ አባቴ ፊት ለፊት ወንበር ይዞ ተቀምጧል። አባቴ እንደ ልማዱ ወደ መስታወቱ ዞረ።

"አሰላሙ አለይኩም" አለ።

የመመለሱ ተራ የእኔ ነበር። አልመለስኩም። በማን ስም ልመልስ? ወንድሜ ለእሱ የተባለ መስሎት፣ ፊቱ ሁሉ በደስታ ፈክቶ፣ ከመስታወቱ ጀርባ "ወአለይኩም አሰላም፣ አባቴ" አለ።

አባቴ ድምፁ ከውሃው ውስጥ እንደመጣ ሁሉ ደነገጠ። ከትራሱ ቀና አለ። በጠራው መስታወት ውስጥ ወንድሜን አየው፤ ጺሙን አየ፣ ሰዓቱን አየ፣ እንደገና ፊቱን አየ። ከዚያ በራሳችን ቋንቋ፣ በመስቃንኛ፣ ቀስ አድርጎ ጠየቀው።

"ማን ነህ?"

ወንድሜ መጀመሪያ ሳቀ። ሳቁን የተቀበለው ሲያጣ ስሙን ተናገረ፣ የበኩር ልጁ መሆኑን ተናገረ፣ ተነስቶ እጁን ያዘው። አባቴ እጁን አልነጠቀውም፤ ዓይኑ ግን ወደ ገንዳው ተመልሶ ቀይዋን ዓሣ በየጥጉ ይፈልግ ነበር። ያን ቀን ሌላ ቃል አልወጣውም። ዱዓውን ዘንድሮም አጎቴ አደረገልን። አሚን ስንል አባቴ አንዱን እጁን ዘረጋ።

ሰው ደስ ብሎሽ ይሆናል ይለኛል። ደስ አላለኝም። እንዲያውም ከሁሉ በላይ የተናደድኩት ያን ጊዜ ነው። የገዛ ሐሳቡን የሚናገርበት ቃል እንዲመለስ ስንት ጠዋት በዓሣ ስም ሰላም ስመልስ ኖሬ፣ ቃሉ ሲመጣ ለእሱ መጣ። ሰድቦትም ቢሆን ለእሱ። ኩሽና ገብቼ ክትፎውን እያሸሁ በእልህ አለቀስኩ።

ከምሳ በኋላ እንግዳው ሳሳ፤ ሚስቱና ልጆቹ መኪና ውስጥ ገቡ። ወንድሜ የመኪናውን ቁልፍ ይዞ ኩሽና መጣ። ዓይኑ ቀልቷል። ነገ በጠዋት ከሆቴል ቀጥታ እንደሚሄዱ፣ ዓሣዎቹን ግን በዚሁ ሳምንት በአይሱዙ እንደሚልክ ነገረኝ። ሳፋዋን ከጥግ ስቤ አሳየሁት። አመድማዋ ዓሣ ከሥር ሆና ክንፏን ታንቀሳቅስ ነበር። ከዚያ ሰማያዊውን ባልዲ አንስቼ ሰጠሁት።

"ከቧንቧችን ሙላው" አልኩት። "አባቴ ክፍል አስቀምጠው፣ አፉን አትክደነው፣ ይደር።"

"ስንት ሰዓት ይበቃዋል?" አለኝ።

"አዳር ነው የምልህ፣ ጋሼ። ውሃውም ይደር፤ አንተም እደር።"

ባልዲውን ተቀብሎኝ ወጣ። ቧንቧው ሲከፈትና ውሃው የባልዲውን ሥር ሲመታ ሰማሁ። በመስኮት ሳየው ተጎንብሶ ውሃውን እየጠበቀ ነበር፤ ቁልፉ ገና በእጁ ነው።